የደርት ባይክ ጎማ ከመምረጤ በፊት መሬቱን በተረከዜ የምወጋው ለምንድን ነው?

ከመንገድ ውጪ ሞተር መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለፊትም ለኋላም አዲስ ጎማ ገጠምኩ። ጥርሱ ረጅም፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ፣ ገና ሲያዩት መሬት የሚያርስ የሚመስል ጎማ ነበር። የመረጥኩትም በዚሁ መልኩ ነው፤ ከተደረደሩት ሁሉ ጠንከር ብሎ የታየኝ እሱ ስለነበር። በማግስቱ ይዤው የወጣሁበት መሬት ደግሞ ለሳምንታት ዝናብ ያላየ፣ ከሞተር መመላለስ የተነሳ ተጠቅጥቆ ሲሚንቶ የመሰለ ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩን ጋደል አድርጌ ስገባ የፊቱ ጎማ ድንገት ከሥሬ ሸሸ። መሪውን ለማቃናት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሬ ከረምኩ።

በእነዚያ ሳምንታት ጎማውን ደጋግሜ አገላብጬ አየሁት። አንድ ሙሉ ቀን እንኳ ያልተነዳ ጎማ ነው፤ ግን የጎን ጥርሶቹ ከሥራቸው መሰንጠቅ ጀምረዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ ተገንጥለው ወድቀዋል። መጀመሪያ የጎማው ጥራት ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ያው ጎማ እርጥብ አፈር ላይ ቢሆን ኖሮ ድንቅ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጥፋቱ መሬቱን ሳላይ ጎማ የመረጥኩት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በጎማ ጉዳይ የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው፣ ሌላ ሰው ይህንኑ በአጥንቱ እንዳይማረው ስለምፈልግ ነው።

ጎማ መሬት የሚይዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መቆፈር ነው። ጥርሱ አፈሩ ውስጥ ይገባል፣ እንደ አካፋ አፈሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሞተሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለተኛው መጨበጥ ነው። መሬቱ ጥርሱን አላስገባም ሲል ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ጥርሱ አናት ላይ ባለው ላስቲክ ላይ ነው፤ ያ አናት ሰፊና ለስላሳ ከሆነ የመሬቱን ሸካራ ገጽ ጨብጦ ይይዛል። ረጅምና የተራራቀ ጥርስ መቆፈር የማይችልበት መሬት ላይ ሲወጣ የሞተሩንና የነጂውን ክብደት ጥቂት ጫፎች ብቻ ይሸከሙታል። ኩርባ ላይ ጥርሶቹ ወደ ጎን ይታጠፋሉ፤ መታጠፍ የሚችሉትን ያህል ከታጠፉ በኋላ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። ጥርሱ ከሥሩ የሚሰነጠቀውም በዚህ መታጠፍና መቃናት ብዛት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ መሬት ጥርስ ያስገባል ወይስ አያስገባም? እኔ ይህን የምመልሰው በተረከዜ ነው። አዲስ ቦታ ስደርስ ከሞተሩ ወርጄ በቡት ጫማዬ ተረከዝ መሬቱን አጥብቄ እወጋዋለሁ። ተረከዙ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በቀላሉ ከሰመጠ መሬቱ ለስላሳ ነው። ምልክቱን ትቶ ትንሽ ብቻ ከገባ መካከለኛ ነው። ጭረት ብቻ ትቶ ከተመለሰ ጠንካራ ነው። ይህን የማደርገው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ኩርባው ላይ፣ ዳገቱ ሥር፣ ፍሬን በምይዝበት ቁልቁለት ላይም እሞክረዋለሁ። የላዩን አፈር በጫማዬ ጠርጌ ከሥሩ ያለውንም አያለሁ፤ ምክንያቱም አታላዩ መሬት ሁለት ድርብ ያለው ነው። አቧራ የለበሰ ደረቅ መሬት ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፤ ጎማው ግን አቧራውን አልፎ የሚያርፈው ድርቁ ላይ ነው። ሌሊት ካፊያ የጣለበት ደረቅ መሬትም እንዲሁ ላዩ ጭቃ፣ ሥሩ ድንጋይ ነው።

ጎማ አምራቾችም ጎማቸውን የሚከፍሉት በዚሁ ነው፦ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ መሬት እያሉ። ለምሳሌ ሚሽሊን ስታርክሮስ 5 የተባለውን ጎማ ለአሸዋ፣ ለለስላሳ፣ ለመካከለኛና ለጠንካራ መሬት በአራት ዓይነት አውጥቶታል። ከብሪጅስቶን ባትልክሮስ ውስጥ ኤክስ20 ለለስላሳ፣ ኤክስ30 ለመካከለኛ፣ ኤክስ40 ለጠንካራ ነው። ከደንሎፕ ጂኦማክስ ደግሞ ኤምኤክስ33 ከለስላሳ እስከ መካከለኛ፣ ኤምኤክስ53 ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ፣ ኤምኤክስ14 ለአሸዋና ለጭቃ የተሠሩ ናቸው። ስሙን ማወቅ ይጠቅማል፤ የሚበልጠው ግን የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚወድቅ ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ እኔም የተሳሳትኩበት ነገር አለ። ጎማ ላይ «ለስላሳ» ተብሎ ሲጻፍ ለስላሳ የተባለው መሬቱ ነው፣ ላስቲኩ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለለስላሳ መሬት የተሠራ ጎማ ጥርሱ ረጅም ስለሆነ እንዳይታጠፍ ላስቲኩ ጠንከር ይላል። ለጠንካራ መሬት የተሠራው ደግሞ ጥርሱ አጠር፣ ሰፋና ቀረብ ቀረብ ያለ ሆኖ ላስቲኩ ይለሰልሳል፤ መጨበጥ አለበትና። «ድንጋይ ላይ ስለምነዳ ጠንካራ ላስቲክ ይሻለኛል፣ ቶሎ አያልቅም» ብሎ የሚገዛ ሰው ድንጋይ ላይ እንደ በረዶ የሚንሸራተት ጎማ ይዞ ይመለሳል። ጎማ ከመግዛቴ በፊት ጥርሱን በአውራ ጣት ጥፍሬ ተጭኜ አየዋለሁ፤ ጥፍሩ ገብቶ ምልክቱ ቀስ ብሎ ከጠፋ ላስቲኩ ለስላሳ ነው። ቀላል ሙከራ ነው፣ ግን ሁለት ጎማዎችን ጎን ለጎን ለማወዳደር ይበቃል።

መሬታችሁ ተቀያያሪ ከሆነ፣ ወይም ገና ጀማሪ ከሆናችሁ፣ መካከለኛውን ግዙ። ይህን የምለው ነገሩን ለማድበስበስ አይደለም። መካከለኛ ጎማ የትም ቦታ አንደኛ አይሆንም፤ ግን የትም ቦታ ድንገት አይከዳም። መልቀቅ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው፣ እናንተም ይሰማችኋል። ጀማሪ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሦስት አራት ወር በመካከለኛ ጎማ ከነዳችሁ በኋላ የቱ ቦታ ላይ እንዳነሳችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀጣዩ ጎማ ወደ ለስላሳው ወይስ ወደ ጠንካራው ያድላ የሚለውን የሚመልሰው ያ ነው።

የፊቱና የኋላው ጎማ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ነጂው ነዳጅ ቀነስ አድርጎ፣ ሰውነቱን አስተካክሎ ሊመልሰው ይችላል። የፊቱ ሲንሸራተት መመለሻ የለውም፣ መውደቅ ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው መካከለኛ መሬት ላይ ስለሆነ የኋላው መካከለኛ፣ የፊቱ ከእሱ አንድ ደረጃ ወደ ለስላሳ መሬት ያደላ ነው። የፊት ጎማ የሚሸከመው ክብደት ያነሰ ስለሆነና ሞተሩ ስለማያሽከረክረው ረዘም ያለ ጥርሱ ቶሎ አያልቅም፤ ወደ ኩርባ ስገባ ግን የላዩን ልል አፈር አልፎ የሚነክስ ጥርስ ይኖረኛል። ገንዘብ ካጠራችሁና አንዱን ብቻ መቀየር ካለባችሁ የፊቱን ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የኋላው ማለቁ ስለሚታይ ይቀየራል፣ የፊቱ ጫፉ ተሸርሽሮ ክብ ከሆነ በኋላም «ገና ነው» ይባላል።

አሸዋ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ነገሩ ቀላል ነውና። ጥርሱ እንደ መቅዘፊያ ተርታውን የተሰለፈ የኋላ ጎማ አሸዋውን እየዛቀ ይወረውራል። ጥልቅ የአሸዋ ክምር ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሙሉ መቅዘፊያ ያለው ጎማ አለ፤ ከአሸዋው ወጥቶ ደረቅ መሬት ሲነካ ግን ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ኩርባ ላይም አደገኛ ነው። አሸዋና አፈር ለሚቀላቅል ሰው ለአሸዋና ለጭቃ ተብሎ የተሠራው ይሻላል።

ጭቃ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ውሃው የበዛ ቀጭን ጭቃ ላይ ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፤ ሲሽከረከርም የያዘውን ይጥላል። ዋልካ ላይ ግን ጥርሱ ሞልቶ ጎማው እንደ ሊጥ ድቡልቡል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምንም ጥርስ የለንም ማለት ነው። ዋልካን ሙሉ በሙሉ የሚጥል ጎማ እስካሁን አልገጠመኝም። የረዳኝ ሦስት ነገር ነው፦ ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ጎማ መግጠም፣ ላስቲኩ እየተጣጠፈ ጭቃውን እንዲጥል ንፋሱን ትንሽ መቀነስ፣ ደልዳላ ቦታ ሳገኝም ለአፍታ ነዳጅ ሰጥቼ ጎማውን አሽከርክሮ ማራገፍ። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይሻላል የሚለውን አትመኑ። ጠበብ ያለው ወደ ታች ይቆርጣል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ረዘም አድርጌ ማውራት የምፈልገው ስለ ድንጋይ ነው፤ ብዙ ስቃይ ያየሁት እዚያ ስለሆነ።

ዓለት ጥርስ አያስገባም። ስለዚህ መጨበጥ ብቻ ነው ያለው፤ ለመጨበጥ ደግሞ ለስላሳ ላስቲክና ድንጋዩን አቅፎ የሚተኛ ጎማ ያስፈልጋል። ለአስቸጋሪ ኤንዱሮ (በጫካ፣ በጭቃና በዓለት መካከል ለሚነዳ ረጅም የሞተር ውድድር) በጣም ለስላሳ ላስቲክ ያላቸው ጎማዎች ይሠራሉ፤ እርጥብ ዓለትና የዛፍ ሥር ላይ ልዩነታቸው ወዲያው ይታወቃል። ዋጋው ግን በዕድሜ ይከፈላል፤ ደረቅ መሬት ላይ ቶሎ ይሸረሸራሉ። ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለው የትራያል (እግር ሳያወርዱ መሰናክል የማለፍ ውድድር) ጎማም ከኋላ ሲገጠም ድንጋይ ላይ ያስደንቃል፤ እርጥብ አፈር ላይ ሲወርድ ግን ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ወዲያው ይሞላና ፍሬን ሲያዝ መቆም ያቅተዋል። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን በኤንዱሮ ውድድር ደንቡ የኋላ ጎማ ጥርስ ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ረጅም ጥርስ ማለት ጥሩ ጎማ ማለት እንዳልሆነ ለራሴ የማስታውሰው በዚህ ነው፤ ዓለም ላይ ያሉ ምርጥ የኤንዱሮ ነጂዎች ዓለቱንም፣ ጭቃውንም፣ ጫካውንም የሚያልፉት በዚያ አጭር ጥርስ ነው።

ከጎማው ጥርስ እኩል ድንጋይ ላይ የሚወስነው ንፋሱ ነው። ንፋሱ ከበዛ ጎማው ድንጋዩ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ የሚነካውም በትንሽ ገጹ ብቻ ነው። ካነሰ ደግሞ አቅፎ ይይዛል፤ ነገር ግን ሹል ድንጋይ ሲመታው ጎማው እስከ ቸርኬው ይጨፈለቃል፣ ካላማዳሪውም በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ስታዩት እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካገኛችሁ የወጋችሁ ሚስማር ወይም እሾህ አይደለም፣ የንፋስ ማነስ ነው። እኔ ካላማዳሪ ገጥሜ ድንጋይ በበዛበት ስነዳ ከ14 እስከ 16 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) እሞላለሁ። ድንጋይ በሌለበት መካከለኛ መሬት 12 ወይም 13 ይበቃኛል፤ አሸዋና ጭቃ ላይ ወደ 10 ወይም 11 እወርዳለሁ። ክብደታችሁ ከፍ ካለ ወይም በፍጥነት የምትነዱ ከሆነ አንድ ሁለት ጨምሩበት። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ነው፤ ሲነዳ ሞቆ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መለኪያውም የመኪና ጎማ መለኪያ ባይሆን ይመረጣል። እስከ 100 የሚቆጥር መለኪያ ላይ 12ን ከ10 መለየት ይከብዳል፤ እዚህ ቁጥር ላይ ግን ሁለት ፒኤስአይ ማለት የጎማው ንፋስ አንድ ስድስተኛ ነው። እስከ 30 ብቻ የሚቆጥር ግዙ።

ካላማዳሪው ራሱም ይለያያል። ወፍራም የሚባለው 3 ሚሊ ሜትር፣ እጅግ ወፍራሙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይከብዳል፣ መግጠሙም ያታክታል፤ ነገር ግን ወፍራሙን ከገጠምኩ ወዲህ የእባብ ንክሻው በጣም ቀንሶልኛል። ከናካቴው ንፋስ የማይፈልግ፣ በካላማዳሪ ቦታ የሚገባ ሙስ የሚሉት ስፖንጅ መሳይ ነገርም አለ። አይቀደድም፣ አይተነፍስም። ግን ሲገጠም የራሱን ቅባት ይፈልጋል፤ በፍጥነት አስፋልት ላይ ከተነዳም ሙቀቱ ያበላሸዋል። እንደ ንፋስ ከፍና ዝቅ ማድረግ አለመቻሉም ሊታሰብበት ይገባል።

የቸርኬው መጠንም ድንጋይ ላይ ለውጥ ያመጣል። ይህን ለመረዳት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 110/90-19 የሚል የኋላ ጎማ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 90 በመቶ ማለትም 99 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው 19 ኢንች ነው። 110/100-18 ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ የጎኑ ቁመት 110 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ቸርኬውና የጎኑ ቁመት ሲደመሩ የሁለቱ ጎማዎች አጠቃላይ ቁመት ሊመሳሰል ምንም አይቀረውም፤ ባለ 18ቱ ግን በድንጋዩና በቸርኬው መካከል 11 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ጎማ አለው። የሞቶክሮስ (በተዘጋጀ የአፈር ሜዳ እየዘለሉ የሚሽቀዳደሙበት) ሞተር ባለ 19፣ የኤንዱሮ ሞተር ባለ 18 ሆኖ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሞቶክሮሱ ነጂ ጎማው ሲዘል ሲያርፍ እንዳይዋልል ይፈልጋል፣ የኤንዱሮው ነጂ ቸርኬው እንዳይጣመም። የፊቱ በሁለቱም ላይ በአብዛኛው 80/100-21 ነው። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ 51ኤም የሚል ካያችሁ፣ 51 ማለት ጎማው 195 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ኤም ማለት እስከ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ረጅም የአሸዋ ዳገት ለመውጣት ብዬ የኋላውን ጎማ ወደ 8 ፒኤስአይ አወረድኩት። ንፋስ ማውረዱን ሰምቼ ነበር፤ ጎማውን ቸርኬው ላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሪም ሎክ ግን አልሰማሁም ነበር። የእኔ ላልቶ ነበር። ዳገቱ መሃል ነዳጅ ስሰጥ ቸርኬው ዞረ፣ ጎማው ቀረ፤ ጎማው ካላማዳሪውን ይዞ ሲቀር ቫልቮላው ከሥሩ ተነቀለ። መጠባበቂያ ካላማዳሪ አልያዝኩም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሞተሩን እየገፋሁ ወጣሁ። ንፋስ ከመቀነሳችሁ በፊት የሪም ሎኩን ብሎን አጥብቁ። የቫልቮላዋን ትንሽ ብሎን ግን ቸርኬው ላይ አታጥብቋት፤ ወደ ላይ አውጥታችሁ ከቆቡ ጋር አጋጥሟት። ያን ጊዜ ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ቫልቮላው ያዘነብላል፣ እናንተም ሳይነቀል አይታችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

ወደ ገጠር መንገዱ ለመድረስ አስፋልት የምትነዱ ከሆነ የጎማውን ጎን አንብቡ። ለውድድር ብቻ የተሠሩ ጎማዎች ለአውራ መንገድ እንዳልተፈቀዱ ጎናቸው ላይ ተጽፏል። ነገሩ የሕግ ብቻ አይደለም፤ ረጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ይዋልላል፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። ግማሽ መንገዳችሁ አስፋልት ከሆነ ለሁለቱም የተፈቀደውን ግዙ፤ ጭቃ ላይ የምታጡትን ጥቂት ነገር ታገሱት።

ስትገዙ የተሠራበትን ቀንም እዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 1823 ቢል በ2023 በ18ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዓመታት ፀሐይ ላይ የቆየ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል፣ አይጨብጥም። ርካሽ ጎማ ሲገኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የኋላ ጎማ ጥርስ ሲያልቅ ቁመቱ ከማጠሩ በፊት አፈር የሚገፋበት ጠርዝ ነው የሚሸረሸረው። ያን ጊዜ ጎማውን አውጥታችሁ ብታገላብጡት በፍሬን ጊዜ ብቻ የሠራው ሌላኛው ጠርዝ ገና ስለት አለው። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ ግን አምራቹ የሚለውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ለለስላሳና ለጠንካራ መሬት ሁለት አቅጣጫ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈቅዳል። እኔ እንዲህ እያገላበጥኩ ከአንድ የኋላ ጎማ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ዕድሜ አገኛለሁ። የፊቱን አላገላብጥም። የጎን ጥርሱ ሥር ላይ ስንጥቅ ካየሁ፣ መሃሉ አዲስ ቢመስልም፣ በዚያው ቀን አወርደዋለሁ።